ብቻዎን በሄዱበት የውጭ ከተማ ከአዳዲስ ሰዎች ጋር መዞር፦ ከማን ጋር፣ ለስንት ሰዓት፣ በማን ሂሳብ?

ጥያቄ፦ «ለ6 ቀን ወደማላውቀው የውጭ አገር ከተማ ብቻዬን ልሄድ ነው። አልጋ የያዝኩት ሆስቴል ውስጥ፣ በጋራ መኝታ ክፍል ነው። እዚያ ከማገኛቸው ሰዎች ጋር ከተማውን ብዞር ደስ ይለኛል፤ ብቻዬን ከምሆን ደህንነቱም የተሻለ ነው ብዬ አስባለሁ። ግን ዝምተኛ ነኝ፤ ሰው ቀርቦ ማነጋገር ይከብደኛል። አንዴ አብሬያቸው ከወጣሁ በኋላ ልለይ ብል ቅር የሚሰኙብኝም ይመስለኛል። የሂሳብ ነገርም ያሳስበኛል። ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ አስቀድሞ መታረም ያለበት «ከሰው ጋር ከሆንኩ ደህና ነኝ» የሚለው ሐሳብ ነው። እውነትነቱ ግማሽ ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው መንገዱን ያስተውላል፣ ቦርሳውን በየጊዜው ይዳስሳል፣ የመጨረሻው ባቡር መቼ እንደሚነሳ ያጣራል። አራት ሆነው ሲወጡ ግን እያንዳንዱ «ሌላው ያውቀዋል» እያለ ይዘናጋል፤ መንገዱን በትክክል የሚያውቅ አንድም ሰው ሳይኖር ሁሉም ይከተላል። ኪስ አውላቂም የሚመቸው ጨዋታ የደራበት፣ ክብ ሠርቶ ስልክ ላይ ካርታ የሚያይ ቡድን ነው። ብዛት በእርግጥ የሚጠቅመው ሲመሽ ጭር ባለ መንገድ ለመሄድና አንዱ ቢታመም ወይም ፓስፖርት ቢጠፋበት ሌላው እንዲደርስለት ነው። እሱም ቢሆን ቡድኑ «አብረን ወጥተን አብረን እንገባለን» ብሎ ገና ከበር ሳይወጣ ከተስማማ ብቻ ነው። ይህ ሳይነገር ከወጡ እያንዳንዱ ሲደክመው በየፊናው ይበተናል፤ የሌሊቱን መንገድ ብቻዎን ይሄዱታል።

ሁለተኛው የመለያየት ፍርሃት ነው። ቅር የሚያሰኘው መለየት ሳይሆን ያልተነገረ መለየት ነው። ቀኑን ሙሉ አብረው እንደሚውሉ ያሰበ ሰው ከምሳ በኋላ ድንገት «እኔ ልሂድ» ሲባል ያጠፋው ነገር ያለ ይመስለዋል። ማታውኑ «ጠዋት ሙዚየሙን አብሬያችሁ አያለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ግን የራሴ እቅድ አለኝ» ያለ ሰው ሲሄድ ማንም ቅር አይለውም። ብዙዎቹ የሆስቴል እንግዶችም እንደ እርስዎ ብቻቸውን የመጡ ናቸው፤ እነሱም ትንፋሽ መውሰድ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ለመላው ጉዞ የሚሆን ጓደኛ አይፈልጉ። የሚፈልጉት የሰዓታት ባልንጀራ ነው፦ አንድ ቦታ፣ በቀን ብርሃን፣ ማብቂያው አስቀድሞ የታወቀ። መጀመሪያው እንዲህ ሆኖ ከተስማማችሁ ማራዘም ቀላል ነው፤ ረጅም ተብሎ የተጀመረን ማሳጠር ግን ከባድ ነው።

ዝምታዎም እንደሚያስቡት እንቅፋት አይሆንም። እንቅፋቱ የጥያቄው አቀራረብ ነው። «ነገ ምን እናድርግ?» የሚል ጥያቄ ሌላውን ሰው እቅድ እንዲያወጣ ስለሚያስገድደው መልሱ ብዙ ጊዜ «እስቲ እናያለን» ይሆናል፤ እዚያው ይቀራል። የሚሠራው ያለቀለት ግብዣ ነው፦ «ነገ ቁርስ እንደበላሁ በእግሬ ወደ አሮጌው ከተማ እወርዳለሁ፣ እስከ ምሳ እዚያ ነኝ፤ መምጣት የምትፈልጉ ከመቀበያው ጋ እንገናኝ።» ይህ ግብዣ ማንንም አያስጨንቅም፤ ማንም ባይመጣ እርስዎ ለመሄድ የወሰኑበት ቦታ ስለሆነ ቀኑ አይበላሽም። አንድ ጊዜ ለሦስት ሰው መናገር ይበቃል።

ሰዓቱና ቦታውም ይለያያል። ጠዋት ሁሉም ሊወጣ ይጣደፋል። ምቹው ሰዓት አመሻሽ ላይ፣ ሰዎች የጋራ ወጥ ቤት ውስጥ እራት ሲያበስሉ ነው፤ እጅ ሥራ ላይ ስለሆነ ዝምታው አይከብድም፣ ጨው አቀብሉኝ ማለት ራሱ መግቢያ ይሆናል። አልጋ ላይ ተጋድሞ ስልክ የሚያይ ሰውን ማነጋገር ግን አይመከርም፤ በጋራ ክፍል ውስጥ ያለው ብቸኛ የግል ቦታ አልጋው ነው።

ከሆስቴሉ ውጪ የሚሻለው በእግር የሚደረግ የቡድን ጉብኝት ነው፤ በብዙ ከተሞች ትኬት የሌለውና በጉርሻ የሚተዳደር አለ። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል። ለዝምተኛ ሰው የተመቸ የሚያደርገው አወቃቀሩ ነው፦ አስጎብኚው ቆሞ ሲያስረዳ ሁሉም ያዳምጣል፣ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሲኬድ ደግሞ አምስት ደቂቃ ያህል ጎን ለጎን ይራመዳል። ወሬ የሚጀመረው በዚያ አምስት ደቂቃ ውስጥ ነው፣ አሁን ስለተሰማው ነገር በመጠየቅ። ጉብኝቱ ሲያልቅም «ምሳ የምትበሉ አላችሁ?» ማለት የተለመደ ነው። ጉርሻውን ግን አይዝለሉ፤ «ነፃ» ተብሎ ቢጻፍም የአስጎብኚው ገቢ ያ ነው፤ በጎብኚው ቁጥር ልክ ለድርጅቱ የሚከፍሉ አስጎብኚዎችም አሉ። የምግብ ማብሰያ ትምህርት፣ የጭፈራ ትምህርትና የአንድ ቀን የተራራ ጉዞም በተመሳሳይ ምክንያት ይሠራሉ፤ እጅና እግር ሥራ ላይ ሲሆኑ ዓይን ለዓይን መተያየት ግዴታ አይሆንም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። አዲስ ከተዋወቁት ሰው ጋር ከመሄድዎ በፊት ራስዎን የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ የምንሄድበትን ቦታ ማን መረጠው? የሰውየውን መልክ፣ አለባበሱንና ደግነቱን መመዘን አያዋጣም፤ በማታለል የሚኖር ሰው ከማንም በላይ ደግ ሆኖ መታየትን ያውቅበታል። በቤይጂንግ ቲያንአንመን አደባባይና ዋንግፉጂንግ አካባቢ፣ በሻንጋይም ናንጂንግ ጎዳና ላይ ለረጅም ጊዜ የታወቀ ዘዴ አለ፦ ትሁት ወጣቶች «ተማሪዎች ነን፣ እንግሊዝኛ ልንለማመድ ነው» ብለው ይቀርባሉ፤ ጥሩ ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ከዚያ ሻይ ቤት ይጋብዛሉ፤ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ሂሳብ ጉድ ነው። ኢስታንቡል ውስጥ በታክሲም ዙሪያ ደግሞ ብቻውን ለሚሄድ ወንድ ሲጋራ መለኮሻ ወይም ሰዓት በመጠየቅ ይጀመርና መጠጥ ቤት ላይ ያልቃል። ከተማው ይለያያል እንጂ አካሄዱ አንድ ነው፦ ቀራቢው እሱ ነው፣ ቦታ መራጩ እሱ ነው፣ ዋጋ ዝርዝሩ አይታይም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ «ደስ ይለኛል፣ ግን እዚያ ማዶ የሚታየው ካፌ እንቀመጥ» ይበሉ። ከልቡ ሊያወራ የፈለገ ሰው ይስማማል። አታላዩ ሌላ ሰበብ ያበዛል፣ ከዚያም ይለይዎታል።

ድንገት ወጥመዱ ውስጥ ከገቡ ግን በር ላይ ከቆሙ ጠባቂዎች ጋር አይታገሉ። ያለዎትን ጥቂት ጥሬ ገንዘብ አሳይተው ለመደራደር ይሞክሩ፤ ካልሆነ ከፍለው፣ ደረሰኝ ተቀብለው ይውጡ። ከዚያ ወደ ፖሊስና ወደ ባንክዎ ወዲያውኑ ይደውሉ። በገዛ እጅዎ የምስጢር ቁጥር አስገብተው የከፈሉትን ባንክ ማስመለስ እንደሚከብደው ግን ይወቁ፤ ለዚህ ነው ማታ ሲወጡ ብዙ ገንዘብ ካለበት ሂሳብ ጋር የተያያዘ ካርድ የማይያዘው።

ቡድን ስንት ሰው ይሁን? ሦስት ወይም አራት። ለዚህ ተጨባጭ ምክንያት አለ፦ ተራ ታክሲ የሚይዘው አራት ተሳፋሪ ነው፤ አምስተኛው ሲጨመር ሁለት መኪና፣ ሁለት ሂሳብ፣ ሁለት የመድረሻ ሰዓት ይሆናል። ከስድስት ሲያልፍ ምግብ ቤት ወንበር ለማግኘት መጠበቅ ይመጣል፤ የት እንሂድ የሚለው ክርክር ብቻ ግማሽ ሰዓት ይበላል። እቅድ ሲያወጡም ብቻዎን ቢሆኑ በአንድ ጠዋት ከሚያዩት ግማሹን ያስቡ። አንዱ መፀዳጃ ቤት ይፈልጋል፣ አንዱ ውኃ ይገዛል፣ አንዱ ፎቶ ያነሳል። ይህን ያላሰበ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲበሳጭ ይውላል፤ ብስጭቱም ከፊቱ ላይ ይነበባል።

በተለይ የሚጓጉለት ቦታ ካለ ለቡድን አይተዉት። ትኬቱን ቀደም ብለው ለራስዎ ብቻ ይግዙ። አምስተርዳም ያለው የአና ፍራንክ ቤት የተባለው ሙዚየም ትኬት የሚሸጠው በኢንተርኔት ብቻ ሲሆን ከስድስት ሳምንት በኋላ ለሚደረግ ጉብኝት የሚሆነው በየማክሰኞው ይለቀቃል፤ ሆስቴል ውስጥ ትናንት ከተዋወቁት ሰው ጋር «ነገ እንሂድ» ተብሎ አይኬድም። የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ማክሰኞ ዝግ ነው፣ እዚያው ያለው ኦርሴ ሙዚየም ደግሞ ሰኞ። ቡድን ውስጥ ይህን የሚያጣራ ሰው ስለማይኖር እርስዎ ያጣሩ፤ ካወቁም ማታውኑ ይንገሯቸው። ሰዓት የማይጠይቁትን፣ ማለትም ገበያ፣ መናፈሻ፣ የወንዝ ዳር፣ ከተማው ከላይ የሚታይበትን ኮረብታ፣ ለቡድኑ ይተዉ።

የጋራ የትራንስፖርት ትኬትም ወጥመድ አለው። በርሊንን የመሰሉ ከተሞች እስከ አምስት ሰው በአንድ ላይ የሚሄድበት የቀን ትኬት ይሸጣሉ፤ ርካሽ ነው፣ ግን ወረቀቱ አንድ ነው። ከሰዓት በኋላ ከቡድኑ ሲለዩ ትኬቱ እነሱ ጋ ይቀራል፤ እርስዎ ያለ ትኬት ተሳፍረው ተቆጣጣሪ ቢይዝዎ «ከፍያለሁ» ማለት ከቅጣት አያድንም። ለመለየት ካሰቡ የራስዎን ይግዙ።

ስለ ሂሳብ እንነጋገር፤ አዲስ ወዳጅነት ቶሎ የሚሻክረው እዚህ ላይ ነው። «ተራ በተራ እንክፈል» የሚለው ዘዴ ለጋስ ይመስላል እንጂ ፍትሐዊ አይደለም፤ አንዱ ቡና ሲከፍል ሌላው እራት ይደርሰዋል፣ ሦስተኛው ተራው ሳይደርስ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። እኩል ማካፈልም መጠጥ የማይጠጣውንና ሥጋ የማይበላውን ይበድላል። የሚሻለው ሁለቱን መለየት ነው። ምግብና መጠጥ እያንዳንዱ የበላውን ይክፈል፤ ይህንንም ለአስተናጋጁ ከማዘዝዎ በፊት ይንገሩት፣ ምክንያቱም ሂሳቡ በአንድ ወረቀት ከታተመ በኋላ አንዳንድ ቤቶች አይከፋፍሉም። ታክሲ፣ የጋራ ውኃና የመግቢያ ክፍያ ደግሞ ከመዋጮ ይውጣ። አሠራሩ ይህ ነው፦ አራት ሰው ጠዋት ላይ በአገሩ ገንዘብ እኩል ያዋጣል፣ ለምሳሌ እያንዳንዱ 30፤ በአንድ ፖስታ 120 ይሆናል። አንድ ሰው ይይዘዋል፣ የጋራ ወጪ ሁሉ ከዚያ ይከፈላል፣ ማታ 14 ቢተርፍ ለየሰዉ 3.50 ይመለሳል። የአንድ ቀን መዋጮ በዚያው ቀን ይዘጋ፤ ወደ ነገ የተላለፈ እንደሆነ ማን ስንት እንዳለው መከራከር ይመጣል።

አንዱ በካርድ ለሁሉም ከከፈለ የሚመለስለት በኢንተርኔት ምንዛሪ የተሰላው ሳይሆን ከሂሳቡ በትክክል የተቀነሰው ነው፤ ባንኩ የውጭ ግብይት ክፍያ ይጨምርበታልና። የካርድ ማሽኑ «በአገርህ ገንዘብ ወይስ በዚህ አገር ገንዘብ?» ብሎ ሲጠይቅም ሁልጊዜ የአገሬውን ይምረጡ። በራስ ገንዘብ መክፈል ግልጽ ይመስላል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ምንዛሪውን የሚወስነው ከማሽኑ ጀርባ ያለው ድርጅት ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይወደዳል። ብድርን በተመለከተ ልኩ ግልጽ ይሁን፦ ቢጠፋ የማይቆጭዎትን ያህል ብቻ። «ካርዴ ተቆለፈ፣ ነገ እመልሳለሁ» ለሚል የሦስት ቀን ወዳጅ እራት ይግዙለት፤ ገንዘብ በእጁ አይስጡት። ካርድዎንና የምስጢር ቁጥሩን ደግሞ ለማንም፣ ለምንም ምክንያት።

የማታው ነገር የራሱ ሕግ አለው። የመጀመሪያ ማታ አይውጡ፤ አካባቢውን በብርሃን ሳያዩት በጨለማ መመለስ ይከብዳል። ሲወጡ የመመለሻ ትራንስፖርቱን እርስዎ ራስዎ ይወቁ። ቶኪዮ ውስጥ ባቡሮች እኩለ ሌሊት አካባቢ ቆመው እስከ ንጋት አይሠሩም፤ በርሊን ውስጥ ደግሞ የምድር ውስጥ ባቡሩ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራው ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ነው። ቡድኑ «ገና ነው» እያለ ሲጎትትዎ የመጨረሻው ባቡር ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ታክሲ ወይም ከማያውቁት ሰው ቤት ማደር ነው። ሁለተኛውን በጭራሽ እንዳይመርጡት የታክሲውን ገንዘብ ከሌላው ለይተው ይያዙ።

መጠጥ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። በኅዳር ወር፣ እንደ አውሮፓውያን 2024፣ በላኦስ ቫንግ ቪየንግ ከተማ ስድስት የውጭ አገር ቱሪስቶች ሜታኖል በሚባል መርዛማ የአልኮል ዓይነት የተመረዘ መጠጥ ጠጥተው ሞተዋል። ሜታኖል በጣዕምም ሆነ በጠረን ከተራ አልኮል አይለይም። ምልክቱም ይዘገያል፤ ስካሩ ካለፈ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከተጠጣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ራስ ምታት፣ ማስመለስና የዓይን መደብዘዝ ሆኖ ይመጣል። ሰው የትናንቱ ስካር ቅሪት ነው ብሎ ይተኛል፤ የሚገድለውም ያ መዘግየት ነው። ከቡድኑ አንዱ «ዓይኔ ጭጋግ መሰለኝ» ካለ አብረው የጠጡ ሁሉ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂዱ፤ በጊዜ ከተደረሰ መድኃኒት አለው። በነፃ የሚታደል ጠንካራ መጠጥና በባልዲ ወይም በጆግ የተቀላቀለ ኮክቴል ይቅርብዎ። የሚጠጡ ከሆነ ፊትዎ የተከፈተ ጠርሙስ ቢራ ይሻላል፤ ብርጭቆዎንም ትተውት አይነሱ፣ ትተውት ከተነሱ አዲስ ይዘዙ።

ስልክዎ የመመለሻ መንገድዎ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ ባትሪው ከ40 በመቶ በታች ከሆነ ሞልተው ይውጡ። 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ በተግባር ወደ ስልክ የሚያስገባው 6,000 ገደማ ነው፤ ለአንድ ረጅም ቀን ይበቃል። ካርታ ሲያወርዱ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ጎግል ማፕስ ያለ ኢንተርኔት የሚሰጠው የመኪና አቅጣጫ ብቻ ነው፤ የእግርና የአውቶቡስ አቅጣጫ አይሰጥም። ለእግር ጉዞ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ እንደ ኦርጋኒክ ማፕስ ያለ ካርታ ይጨምሩ። የሆስቴሉን አድራሻ በአገሬው ፊደል በወረቀት ጽፈው ኪስዎ ይክተቱ፤ ስልክ ሲሞት የሚቀርዎት እሱ ነው።

ለቤተሰብ ያሉበትን ቦታ በቀጥታ ማጋራት ጥሩ ነው፤ ዋትስአፕ ላይ ለ15 ደቂቃ፣ ለ1 ሰዓት ወይም ለ8 ሰዓት ይቻላል። ሆኖም ጊዜው ሲያልቅ በዝምታ ይቆማል፣ ስልክ ሲጠፋም እንዲሁ፤ ቤተሰብ በከንቱ ይጨነቃል። ከዚህ የሚሻለው አስቀድሞ የተስማሙበት የማታ መልእክት ነው፦ «ገብቻለሁ»። እስከ ማለዳ ካልመጣ ለሆስቴሉ መቀበያ ይደውሉ ብለው ቁጥሩን ይስጧቸው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ የአደጋ ጊዜ ቁጥር 112 ነው፤ ወደ ሌላ አገር ከሆነ የሚሄዱት ቁጥሩን ከመነሳትዎ በፊት ይያዙ።

አብሮ የሚያድረው ሰው መታወቂያው ተመዝግቧል ማለት ታማኝ ነው ማለት አይደለም። ፓስፖርትና ትርፍ ካርድ በመቆለፊያ ሳጥን ይቀመጥ፤ ብዙ ሆስቴሎች ሳጥን እንጂ ቁልፍ ስለማይሰጡ የራስዎን ትንሽ ቁልፍ ይዘው ይሂዱ። ከሰው ጋር ሲወጡ የበረራ ቀንዎንና የያዙትን የገንዘብ መጠን መንገር አያስፈልግም። የማያውቁት ሰው «ብቻህን ነህ ወይ?» ወይም «ብቻሽን ነሽ ወይ?» ሲል «ጓደኞቼ እየጠበቁኝ ነው» ማለት ውሸት ብለው አይሸማቀቁበት፤ ጥንቃቄ ነው።

ለስድስቱ ቀን የምመክረው ይህን ነው። የመጀመሪያውን ቀን ብቻዎን በብርሃን የሆስቴሉን ዙሪያ፣ የቅርቡን ጣቢያና የምግብ መደብሩን ይወቁ፣ ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ይብሉ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት የእግር ጉብኝቱን ይውሰዱ፤ ከዚያ ምሳ ከሚበሉት ጋር ይብሉ፣ ከሰዓቱን ለራስዎ ያድርጉ። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ግማሽ ቀን ከሰው ጋር፣ ግማሽ ቀን ብቻዎን ይዋሉ። አምስተኛው ቀን ተስማምተው ያገኟቸው ካሉ ሙሉ ቀን ይስጧቸው፤ ከከተማ ውጪ የሚኬድ ከሆነም ያኔ ይሂዱ፣ ከሦስት ቀን ትውውቅ በኋላ ማን ሰዓት እንደሚያከብርና ማን ሂሳብ ላይ እንደሚጠፋ ታውቋልና። መዋጮውንና ቀሪ ሂሳቡን በዚያው ማታ ይዝጉ። የስድስተኛው ቀን ከበረራው በፊት ያለው ጊዜ የእርስዎ ብቻ ይሁን፤ አውሮፕላን ያመለጠው የቡድን አባል ሲኖር ቡድኑ አይጠየቅበትም፣ አዲሱን ትኬት የሚገዛው ራሱ ነው።